በ8,000 ዶላር ለአንድ ዓመት መዞር፦ የቀን ሒሳቡ፣ ትኬቱና ቪዛው

ጥያቄ፦ «8,000 ዶላር አጠራቅሜያለሁ። ሥራዬን አቁሜ ለአንድ ዓመት ዓለምን መዞር እፈልጋለሁ፤ ቢያንስ 20 አገር የማየት ዕቅድ አለኝ። ፓስፖርቴ ለአብዛኛው አገር ቪዛ የሚጠየቅበት ነው። ዓለምን የሚያዞረውን አንድ ትኬት ልግዛ ወይስ እያንዳንዱን በረራ እንደደረስኩ? ርካሽ ትኬት የሚገኘው ማክሰኞ ሌሊት ነው፣ ከዚያ በፊትም የስልክን የፍለጋ ታሪክ ማጥፋት ያስፈልጋል ይባላል፤ እውነት ነው? ገንዘቡ ካነሰኝ በሄድኩበት ሆስቴል ውስጥ እየሠራሁ ለመቀጠል አስቤያለሁ።»

መልስ፦ ከትኬቱ በፊት ሒሳቡ ይቅደም። 8,000ን ለ365 ቀን ሲያካፍሉት በቀን 22 ዶላር ገደማ ይመጣል፤ ብዙ ሰው ዕቅዱን የሚሠራው በዚህ ቁጥር ነው። ነገር ግን 8,000ው በሙሉ የመንገድ ስንቅ አይደለም። በመጀመሪያ የማይነካ መጠባበቂያ ይነሣለት፦ ካሉበት ቦታ በድንገት ወደ ቤት የሚመልስ ትኬት፣ መድኑ እስኪተካ ድረስ ከኪስ የሚከፈል የሕክምና ወጪ፣ ከተመለሱ በኋላ ሥራ እስኪገኝ የሚያቆይ ጥቂት ገንዘብ። ለዚህ 1,500 ይያዝ። ቀጥሎ ገና ሳይነሡ የሚያልቀው ይቀነስ፦ የጉዞ መድን፣ ክትባት፣ የቪዛ ክፍያ፣ ለቪዛው ሰነድ ማዘጋጃ፣ የመሄጃና የመመለሻ ረጅም በረራ። እንደ መነሻዎ ቢለያይም 2,500 ብሎ መያዝ ማጋነን አይሆንም። የቀረው 4,000 ነው። ይህ ለ365 ቀን ሲካፈል በቀን 11 ዶላር አይሞላም። በዚህ ገንዘብ አልጋም፣ ምግብም፣ መጓጓዣም ለወራት ማሟላት አይቻልም። ለ180 ቀን ሲካፈል ግን 22 ዶላር ይደርሳል፤ ኑሮ ርካሽ በሆነባቸው አገሮች፣ ብዙ ካልተንቀሳቀሱ፣ ይህ ያኖራል። በእጅዎ ያለው የስድስት ወር ገንዘብ ነው። ዓመቱን ሙሉ ልጓዝበት ካሉ በሰባተኛው ወር ላይ የመንገዱን ገንዘብ ጨርሰው በባዕድ አገር ይቆማሉ፤ ይህ ደግሞ የገንዘብ ችግር ብቻ ሆኖ አይቀርም፣ ቪዛዎ ሲያልቅ የሕግ ችግር ይሆናል።

«ብዙ ካልተንቀሳቀሱ» ያልኩት ዋናው ነገር ስለሆነ ልዘርዝረው። ተጓዥ ገንዘቡን የሚጨርሰው ከቦታ ቦታ በሚዛወርበት ቀን ነው። በዚያ ቀን ወደ መናኸሪያ መሄጃ አለ፣ የአውቶቡስ ወይም የባቡር ትኬት አለ፣ ሲደርሱ ዋጋውን ከማያውቁት ሾፌር ጋር የሚያዝ ታክሲ አለ፣ በድካም የተገዛ የመንገድ ምግብ አለ፣ ሳያማርጡ የተያዘ የመጀመሪያ ሌሊት አልጋ አለ። ድንበር ከተሻገሩ ቪዛ፣ አዲስ ሲም ካርድ፣ የምንዛሪ ኪሳራና የኤቲኤም ክፍያ ይጨመራል። አንድ ቦታ የተቀመጠ ሰው ግን አልጋውን በሳምንት ወይም በወር ዋጋ ይከፍላል፣ ገበያውን ያውቃል፣ ራሱ ያበስላል፣ በእግሩ ይሄዳል። 20 አገር በ180 ቀን ማለት በየ9 ቀኑ ድንበር መሻገር ነው፤ በየአገሩ ሁለት ከተማ ብቻ ቢያዩ እንኳ በየአራትና አምስት ቀኑ ሻንጣ ያነሣሉ። በቀን 22 ዶላር ይህን አይችልም። ፍጥነት ምን ያህል እንደሚያስከፍል ለማየት በካምቦዲያ ያሉት የአንኮር ጥንታዊ ቤተ መቅደሶች የመግቢያ ትኬት ይበቃል፦ የአንድ ቀን 37 ዶላር፣ የሦስት ቀን 62፣ የሰባት ቀን 72 ነው። ቸኩሎ የመጣው ለአንድ ቀን 37 ይከፍላል፤ የተረጋጋው በቀን 10 ዶላር ገደማ። የሰባቱን ቀን ትኬት በአንድ ወር ውስጥ ከፋፍሎ መጠቀምም ይቻላል።

አሁን ወደ ትኬቱ። ዓለምን የሚያዞረው ትኬት የአየር መንገዶች ጥምረቶች የሚሸጡት ነው። የስታር አሊያንስ ትኬት ዋጋው በሚበሩት ማይል፣ የዋንወርልድ ኤክስፕሎረር ደግሞ በሚነኩት አህጉር ብዛት ይሰላል። በሁለቱም የጉዞው ርዝመት ቢበዛ አንድ ዓመት፣ የበረራው ብዛት ቢበዛ 16 ነው፤ አቅጣጫው አንድ ነው፣ ወደ ምሥራቅ ከጀመሩ ወደ ምሥራቅ ይቀጥላሉ፣ አትላንቲክንና ፓስፊክን አንድ አንድ ጊዜ ይሻገራሉ፣ የጀመሩበት አገር ላይ ይጨርሳሉ። ብዙ አህጉር በአጭር ጊዜ ማየት ለሚፈልግ፣ ፓስፖርቱም ብዙ በር ለሚከፍትለት ሰው ጥሩ ትኬት ነው። ለእርስዎ ግን አይሆንም፤ የማይሆንበት ምክንያትም ዋጋው ብቻ አይደለም። መስመሩ አስቀድሞ ይቆለፋል፤ ቀን መቀየር አብዛኛውን ጊዜ ቢቻልም ከተማ መቀየር ያስከፍላል። ቪዛ ግን ከዓመት በፊት አይሰጥም። ለምሳሌ ብዙ የአውሮፓ አገሮች በጋራ የሚሰጡት የሸንገን ቪዛ ማመልከቻ፣ ከጉዞው በፊት ባሉት ስድስት ወራት ውስጥ ካልሆነ አይቀበሉትም። ስለዚህ በአራተኛው በረራ ላይ ቪዛ ቢከለከሉ ያን በረራ ይዘላሉ፤ አንድ በረራ ሳያሳውቁ ከዘለሉ ደግሞ አየር መንገዱ ተከታዮቹን በሙሉ ይሰርዛል። 16ቱን በረራዎች በአንድ ቪዛ ላይ አንጠልጥሎ መጓዝ አይመከርም።

ማክሰኞ ሌሊትና የፍለጋ ታሪክ ስለሚባለው፦ ሁለቱም መሠረት የላቸውም። ዋጋው ዓይንዎ እያየ የሚጨምርበት ምክንያት ሌላ ነው። አየር መንገድ የአንድ አውሮፕላን ተራ መቀመጫዎችን በብዙ የዋጋ መደቦች ይከፋፍላል፤ በእያንዳንዱ መደብ የሚሸጠው መቀመጫ ቁጥሩ የተወሰነ ነው። የርካሹ መደብ የመጨረሻ መቀመጫ ሲሸጥ ቀጣዩ መደብ ይታያል፤ አንድ ሰው ሲሰርዝ ተመልሶ ሊወርድ ይችላል። ከዚህ አሠራር አንድ ጠቃሚ ነገር ይወጣል። ለሁለት ሰው ሲፈልጉ ርካሹ መደብ ላይ የቀረው አንድ መቀመጫ ብቻ ከሆነ፣ ሥርዓቱ ብዙ ጊዜ ሁለቱንም በውዱ መደብ ያሰላል። ስለዚህ መጀመሪያ ለአንድ ሰው ይፈልጉ፤ ልዩነት ካለ ትኬቱን ለየብቻ ይግዙ። ዋጋን በእርግጥ የሚያወርደው የቀኑ መለዋወጥ ነው፦ አንድ ቀን ከሚፈልጉ የወሩን ሁሉ ዋጋ በአንድ ገጽ የሚያሳይ ፍለጋ ይጠቀሙ፣ የትምህርት ቤት እረፍትና ትላልቅ በዓላትን ይሽሹ። እንዲሁም በአንድ ከተማ ገብተው በሌላ ከተማ የሚወጡበትን ደርሶ መልስ ትኬት ይፈልጉ። ሁለት ነጠላ ትኬት ከመግዛት አዘውትሮ ይረክሳል፣ ወደ ገቡበት ከተማ የመመለሻውንም ወጪ ያስቀራል።

አውሮፕላን የሚቀይሩበት ከተማ ራሱ አንድ ጉብኝት ሊሆን ይችላል። አይስላንድኤር በሬይኪያቪክ እስከ 7 ቀን፣ የፖርቱጋሉ ታፕ በሊዝበን ወይም በፖርቶ እስከ 10 ቀን፣ በበረራው ዋጋ ላይ ሳይጨምሩ ማረፍ ይፈቅዳሉ። ለእርስዎ ግን ከተሞቹ ሁሉ ሸንገን ውስጥ ናቸው፤ ቪዛው ከሌለ ጥቅም የላቸውም። ትኬቱን በተቻለ መጠን ከራሱ ከአየር መንገዱ ይግዙ። በአማላጅ ድረ ገጽ 15 ዶላር ያተረፈ ሰው በረራው ሲሰረዝ አየር መንገዱ «ወደ ሸጠልህ ሂድ» ይለዋል፣ ሻጩም ስልክ አያነሣም። ወደ አሜሪካ፣ ከአሜሪካ ወይም አሜሪካ ውስጥ የሚደረግ በረራ ከሆነ ደግሞ፣ ከመነሻው 7 ቀንና ከዚያ በላይ ሲቀረው በቀጥታ ከአየር መንገዱ የተገዛ ትኬት በ24 ሰዓት ውስጥ ያለ ቅጣት ሊሰረዝ ይችላል፤ የአገሪቱ የትራንስፖርት ሚኒስቴር ደንብ ነው። ርካሽ ዋጋ ሲያዩ ይዘው፣ ቪዛውንና መስመሩን በዚያ አንድ ቀን ማጣራት ይችላሉ።

እዚህ ላይ ሁለት ወጥመዶች አሉ። አንደኛው ሁለት የተለያዩ ትኬቶችን በራስ መቀጣጠል ነው። የመጀመሪያው በረራ ዘግይቶ ሁለተኛው ቢያመልጥዎ ማንም አይክስዎትም። ሻንጣዎን ራስዎ ወስደው እንደገና ማስመዝገብ አለብዎት፤ ሻንጣ ለመውሰድ ደግሞ ኢሚግሬሽን ማለፍ፣ ለማለፍም የዚያ አገር ቪዛ ያስፈልጋል። እንደ እርስዎ ፓስፖርት ላለው ሰው ይህ የተለመደ የጉዞ መጨናገፊያ ነው። አሜሪካ ውስጥማ በአንድ ትኬት ቢጓዙም ለማለፍ ብቻ ቪዛ ያስፈልጋል፤ አየር ማረፊያዎቿ ኢሚግሬሽን ሳያልፉ ከውጭ በረራ ወደ ውጭ በረራ የሚሸጋገሩበት ሥርዓት የላቸውም። ሁለተኛው ወጥመድ እስከ ሦስተኛ ከተማ ቆርጦ መሐል ላይ መውረድ ነው፤ ቀጥታ ከመቁረጥ አንዳንድ ጊዜ ስለሚረክስ አንዳንዶች ይመክሩታል። የተመዘገበ ሻንጣ እስከ መጨረሻው ከተማ ይሄዳል፤ የመልስ ትኬቱም እንዳለ ይሰረዛል። የመጨረሻው መድረሻ የሚጠይቀው ቪዛ ከሌለዎት ደግሞ መነሻው ላይ እንኳ አያሳፍሩዎትም።

የርካሽ አየር መንገዶች ዋጋ የሚነበበው ከሻንጣ ጋር ነው። ዊዝኤር በነጻ የሚፈቅደው ወንበር ሥር የሚገባ 40 በ30 በ20 ሴንቲ ሜትር ቦርሳ ብቻ ነው፤ የኤዥያ ርካሽ አየር መንገዶች ብዙዎቹ የእጅ ሻንጣን በ7 ኪሎ ይገድባሉ፣ ይመዝናሉም። በመሳፈሪያው በር ላይ የሚከፈለው የሻንጣ ክፍያ ከትኬቱ ሊበልጥ ይችላል። ለስድስት ወር ጉዞ 7 ኪሎ አነስተኛ ይመስላል፤ ግን ለአምስት ቀን የሚበቃ ልብስና ማጠቢያ ሳሙና ከያዙ ይበቃል። ባዶ ቦርሳው ራሱ ከ1.2 ኪሎ እንዳይበልጥ ሲገዙ ይመዝኑት። የበረራ መዘግየትን በተመለከተ ከአውሮፓ ኅብረት አየር ማረፊያ የሚነሣ ማንኛውም በረራ፣ የአየር መንገዱ ዜግነት ምንም ቢሆን፣ በአየር መንገዱ ጥፋት 3 ሰዓትና ከዚያ በላይ ዘግይቶ ከደረሰ እንደ ርቀቱ 250፣ 400 ወይም 600 ዩሮ ካሣ ያስገኛል። የመሳፈሪያ ካርዱን አይጣሉ።

ቪዛው ዋናው ጉዳይ ነው፤ መስመርዎን መወሰን ያለበት እሱ ነው። ብዙ ሰው «በመንገዴ ላይ ከየኤምባሲው እጠይቃለሁ» ይላል። አብዛኛው ኤምባሲ ግን ማመልከቻ የሚቀበለው በዚያ አገር የመኖሪያ ፈቃድ ካለው ሰው ነው። የሸንገን ቪዛ በመርሕ ደረጃ የሚጠየቀው ከሚኖሩበት አገር ነው፤ ጎብኚ ሆነው ሌላ አገር ላይ ሳሉ ለምን ከመኖሪያዎ እንዳላመለከቱ ማስረዳት ይጠበቅብዎታል። ክፍያው ከሰኔ 2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለአዋቂ 90 ዩሮ ነው፤ ቢከለከሉም አይመለስም። ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን የሕክምና መድን ይጠየቃል። ቪዛው ከተሰጠ በኋላ ደግሞ ሰዎች የሚሳሳቱበት ነገር አለ፦ በቪዛው ላይ የጸናበት ቀን እና የሚቆዩበት ቀን ብዛት ለየብቻ ይጻፋሉ። ቪዛው ለሦስት ወር የጸና ሆኖ መቆያው «20 ቀን» ከሆነ የተፈቀደልዎ 20 ቀን ነው። ለአንድ ጊዜ መግቢያ ከሆነም ከሸንገን ወደ ለንደን ለሦስት ቀን ብለው ከወጡ መመለሻ የለዎትም። ቪዛው እንዲህ ጠባብ፣ የቀን ወጪውም እንዲህ ከፍ ያለ ስለሆነ ምዕራብ አውሮፓን ከዚህ ጉዞ ያውጡት፤ ለብቻው፣ በሌላ ጊዜ፣ ከቤት ተነሥተው ይሂዱበት።

በሩ ሰፋ ያለው ሌላ ቦታ ነው። ቬትናም ከነሐሴ 15 ቀን 2023 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለሁሉም አገሮች ዜጎች እስከ 90 ቀን የሚያስቆይ ቪዛ በኢንተርኔት ትሰጣለች፤ የአንድ ጊዜ መግቢያው 25 ዶላር፣ የብዙ ጊዜው 50 ዶላር ነው። በሦስት ወር ውስጥ ያለ ሌላ ቪዛ፣ ያለ በረራ፣ ከሰሜን እስከ ደቡብ መጓዝ ይቻላል፤ ከሃኖይ ሆ ቺ ሚን ከተማ ያለው የባቡር መስመር ብቻ 1,726 ኪሎ ሜትር ነው። ሲያመለክቱ ሦስት ነገር ይጠንቀቁ። ስምዎ ፓስፖርቱ ላይ እንዳለው ፊደል በፊደል ይሁን፤ አንድ ፊደል ከተሳሳተ አየር መንገዱ ላያሳፍርዎ ይችላል። የሚገቡበትን በር በማመልከቻው ላይ ይመርጣሉ፤ ስለዚህ መግቢያውን ወስነው ይሙሉ። ዘጠናው ቀን የሚቆጠረው ቪዛው ላይ ከተጻፈው ቀን ነው እንጂ እርስዎ ከገቡበት አይደለም፤ ሁለት ሳምንት ዘግይተው ከገቡ ሁለት ሳምንቱ ጠፋ። ማመልከቻው የሚሞላው በመንግሥቱ ገጽ ላይ ብቻ ነው፤ በፍለጋ አናት ላይ በማስታወቂያ የሚወጡት ገጾች ደላሎች ናቸው፣ ለተመሳሳይ ሥራ ብዙ እጥፍ ያስከፍላሉ።

«ሲደርሱ የሚሰጥ ቪዛ» የሚለውንም ለሁሉም ሰው እንደሆነ አድርገው አይውሰዱት። ኔፓል ለአብዛኛው ዜጋ በአየር ማረፊያ ቪዛ ትሰጣለች፤ ሆኖም የተወሰኑ አገሮች ዜጎች አስቀድመው ከኤምባሲ እንዲያወጡ ታስገድዳለች። የራስዎን ዜግነት ከዝርዝሩ ሳያዩ ትኬት አይቁረጡ። በመግቢያው ላይ ከሚያገኙት ሹም በፊት የሚፈትሽዎ የአየር መንገዱ ሠራተኛ ነው። ሠራተኛው ቲማቲክ በሚባለው የዓለም አቀፉ የአየር ትራንስፖርት ማኅበር የመረጃ ቋት ውስጥ ዜግነትዎንና መድረሻዎን አስገብቶ የሚያየውን ይፈጽማል፤ ምክንያቱም የተከለከለ መንገደኛ ካመጣ አየር መንገዱ ይቀጣል፣ በራሱ ወጪም ይመልሰዋል። ቋቱ «መውጫ ትኬት» ካለ መውጫ ትኬት ሳያሳዩ አይሳፈሩም። ለዚህ የሐሰት ትኬት የሚሸጡ አሉ፤ ይሽሿቸው፣ ቁጥሩን አስገብቶ ለማጣራት ሴኮንዶች ይበቃሉ። ገንዘቡ የሚመለስ ትኬት ወይም ወደ ጎረቤት አገር የሚወጣ ርካሽ በረራ ይግዙ። ፓስፖርቱ ከመግቢያዎ ቀን አንሥቶ ቢያንስ 6 ወር የጸና፣ አራት አምስት ባዶ ገጽም ያለው ይሁን።

በየብስ ጉዞ ላይ የሚታወቀው ምክር «የሌሊት አውቶቡስ አልጋ ያስቀራል» የሚል ነው። ባቡር ከሆነ እውነት ነው። አውቶቡሱ ግን ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ላይ ከጣለዎትና ሆስቴሉ ከቀኑ ስምንት ሰዓት በፊት አልጋ ካልሰጠ፣ ያተረፉት ለቡናና ለታክሲ ይወጣል፤ ሲነሡ የመድረሻውን ሰዓት ይመልከቱ። ሻንጣዎ ከታች ቢጫንም ፓስፖርት፣ ገንዘብና ስልክ ከሰውነትዎ አይለዩ። የባቡር ማለፊያ ካርዶችን ሳያሰሉ አይግዙ። የጃፓኑ የ7 ቀን ማለፊያ በጥቅምት 2023 እ.ኤ.አ. ከ29,650 ወደ 50,000 የን ወጥቷል፤ ከቶኪዮ ኪዮቶ ደርሶ መልስ ብቻ የሚሄድ ሰው ይከስርበታል። በሕንድ የረጅም ርቀት ባቡር ትኬት ሽያጭ የሚከፈተው ከ60 ቀን በፊት ነው፤ ታዋቂ መስመሮች ወዲያው ይሞላሉ። «የጥበቃ ዝርዝር» የሚል ትኬት መቀመጫ አይደለም፤ ካልተረጋገጠ አልጋ ላይ አያስተኛዎትም።

ማደሪያን በተመለከተ በኢንተርኔት ሁለት ሌሊት ብቻ ይያዙ፤ ከዚያ በአካል የሳምንት ዋጋ ይጠይቁ። ወጥ ቤት የሌለው ርካሽ ሆስቴል ርካሽ አይደለም። ሲገቡ የፍራሹን ስፌትና የአልጋውን ማዕዘን በስልክ መብራት ይዩ፤ ጥቃቅን ጥቁር ነጠብጣቦች የትኋን ምልክት ናቸውና ሻንጣዎን ሳያወርዱ ክፍል ያስቀይሩ። የራስዎን ጓጉንቸር ቁልፍ ይያዙ።

ወደ ሥራው ሐሳብዎ ልምጣ፤ ከጥያቄዎ ሁሉ በጣም ያሳሰበኝ ይህ ነው። ወርክአዌይና መሰሎቹ ተጓዥንና አስተናጋጅን ያገናኛሉ፤ በ1971 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝ የተጀመረው ውፍ ደግሞ ከኦርጋኒክ እርሻዎች ጋር ያገናኛል። የተለመደው ልውውጥ በቀን ከ4 እስከ 6 ሰዓት ሥራ ሰጥቶ ማደሪያ፣ ብዙ ጊዜም ምግብ ማግኘት ነው። ደመወዝ የለውም፤ የአባልነት ክፍያ አለው፣ ወደ ቦታው መድረሻው ከራስዎ ነው። ወጪ ይቀንሳል እንጂ ባዶ ኪስ አይሞላም። ከሁሉም በላይ ብዙ አገሮች በማደሪያ የሚከፈልን ሥራ እንደ ሥራ ይቆጥሩታል። አሜሪካ፣ ካናዳና ብሪታንያ በጎብኚ ቪዛ መጥተው እንዲህ ያለ ዕቅድ ያላቸውን ሰዎች ከመግቢያው ሊመልሱ ይችላሉ። አንድ ጊዜ መመለስ በፓስፖርትዎ ታሪክ ላይ ይቀመጣል፤ ቀጣዩ የቪዛ ማመልከቻ «ተከልክለው ያውቃሉ?» ብሎ ይጠይቃል። አንዳንድ አገሮች በስምምነት ለወጣቶች የሥራና የእረፍት ቪዛ ይሰጣሉ፤ ዕድሜው በአብዛኛው ከ18 እስከ 30 ነው። አገርዎ በዝርዝሩ ካለ ይጠቀሙበት። ከሌለ ሥራን በበጀትዎ ውስጥ አይቁጠሩ። ገንዘብ አስከፍለው ከወላጅ አልባ ሕፃናት ጋር «በጎ ፈቃድ» የሚያስገቡትንም አይቅረቡ፤ ሕፃናቱን ይጎዳሉ፣ ኪስዎንም ያራቁታሉ።

ገንዘብ አያያዝ ላይ ሁለት ካርድ ይያዙ፤ አንዱ ቪዛ፣ ሌላው ማስተርካርድ፤ በተለያየ ቦታ ይቀመጡ። ኤቲኤም ወይም የሱቅ ማሽን «በአገርዎ ገንዘብ እንቁጠርልዎ?» ሲል ሁልጊዜ እምቢ ይበሉ፣ ባሉበት አገር ገንዘብ ይክፈሉ፤ እሺ ካሉ ምንዛሪውን የሚተምነው ማሽኑ ነው፣ ሁልጊዜም ለራሱ ነው። የኤቲኤም ክፍያ አብዛኛውን ጊዜ በየጊዜው ስለሚቆረጥ ጥቂት ጊዜ፣ ብዙ ያውጡ። የተጨማለቀ፣ የተቀደደ ወይም የተጻፈበት ዶላር በብዙ አገር አይቀበሉትም፤ ንጹሑን ከባንክ ያውጡ። የሚረሳው ነገር ደግሞ የባንክዎ የማረጋገጫ ኮድ ነው። ኮዱ የሚላከው ወደ አገር ቤት ስልክ ቁጥርዎ ከሆነና ቁጥሩ ውጭ አገር ካልሠራ፣ ገንዘብ እያለዎት ትኬት መግዛት አይችሉም። ከመነሣትዎ በፊት ይህን ያስተካክሉ፤ ካርዱ ለውጭ አገር ክፍያ የተፈቀደና ጣሪያውም የሚበቃ መሆኑን በጽሑፍ ይጠይቁ።

መድን የሚቀነስበት ወጪ አይደለም። ሲገዙ የሕክምና ጣሪያውን፣ ወደ አገር የመመለሻ ሽፋኑን፣ ከኪስዎ የሚከፍሉትን መጠን ያንብቡ። ሞተር ብስክሌትን የሚመለከተውን አንቀጽ ደግመው ያንብቡ፤ ለዚያ ሞተር የሚሆን መንጃ ፈቃድ ከሌለዎት ወይም የራስ ቁር ካላደረጉ አደጋው አይሸፈንም፣ በተከራዩት ሞተር የሚደርስ ስብራት ደግሞ የጉዞውን ገንዘብ ሁሉ በአንድ ቀን ይጨርሳል። ለኪራይ መያዣ ፓስፖርት አይስጡ። የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ የሚጸናው ከተከተቡ ከ10ኛው ቀን ጀምሮ ነው፤ ከሐምሌ 11 ቀን 2016 እ.ኤ.አ. ወዲህ ለዕድሜ ልክ ያገለግላል። የእብድ ውሻ በሽታን ቅድመ መከላከያ ክትባት መውሰድ ቢነከሱ ከሕክምና አያድንም፤ ውዱንና በብዙ ቦታ የማይገኘውን፣ ኢሚዩኖግሎቡሊን የተባለውን መርፌ ግን ያስቀራል። የተነከሰ ሁሉ ቁስሉን ለ15 ደቂቃ በውኃና በሳሙና አጥቦ በዚያው ቀን ሐኪም ጋ መድረስ አለበት። የመጠጥ ውኃ ጥርጣሬ ካለበት 1 ደቂቃ ይንተክተክ፤ ከ2,000 ሜትር በላይ ከሆኑ 3 ደቂቃ።

እንግዲህ እርስዎ ቢያደርጉት የምለው ይህ ነው። ዓመቱን ወደ ስድስት ወር፣ 20 አገሩን ወደ ሁለት ወይም ሦስት ያውርዱ። ዓለምን የሚያዞረውን ትኬት ይተዉት፤ አንድ ረጅም ደርሶ መልስ ወደ ደቡብ ምሥራቅ እስያ ይግዙ፣ በአንዱ ከተማ ገብተው በሌላው የሚወጡበት ቢሆን ይመረጣል። ቬትናምን በ90 ቀን ቪዛ ከሰሜን ወደ ደቡብ ይውረዱ፣ በአንድ ቦታ ቢያንስ ሁለት ሳምንት እየቆዩ። መነሻው ከየካቲት መጨረሻ በኋላ ይሁን፤ በጥር መጨረሻና በየካቲት መካከል የሚውለው የጨረቃ አዲስ ዓመት ላይ ባቡርና አውቶቡስ ሁሉ ይሞላል፣ ዋጋው ይወጣል። በጥቅምትና በኅዳር ደግሞ የመካከለኛው ባሕር ዳርቻ ከተሞች፣ ሁዌና ሆይ አን፣ በጎርፍ ይጠቃሉ። ከሆ ቺ ሚን ከተማ በሞክ ባይ ድንበር በአውቶቡስ ወደ ካምቦዲያ ይሻገራሉ፤ ለብዙ ዜጎች በኢንተርኔት የሚሰጠው የ30 ቀን የጎብኚ ቪዛ አንድ ጊዜ ለሌላ 30 ቀን ሊራዘም ይችላል። የቀረውን አንድ ወር ክፍት ይተዉት፤ ከሁለቱ በአንዱ ላይ የገንዘብ ወይም የጤና ችግር ካጋጠመ የሚሸፍነው እሱ ነው፣ ካላጋጠመ ዜግነትዎን የሚቀበል ሦስተኛ አገር ይጨምሩበታል።

የቀን ወጪዎን በየማታው ይጻፉ፤ የሳምንቱን አማካይ እንጂ የአንዱን ቀን አይመልከቱ። አማካዩ ለሁለት ተከታታይ ሳምንት ከ22 ዶላር ካለፈ ቀጣዩን መዛወር በአንድ ሳምንት ያዘግዩ። በእጅዎ ያለው ወደ 1,500 ሲወርድ ደግሞ፣ የመመለሻ ቀኑ ገና ቢሆንም፣ በዚያው ቀን ትኬቱን ወደፊት አምጥተው ይመለሱ።